ኤሲያችን ክፍል ውስጥ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ጋዝ ተሞልቶለትም አልቆመም

ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)፣ ሐሙስ ማታ

እንደምን አመሻችሁ። የእናቴ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለው ኤሲ ውኃ እያንጠባጠበ አስቸግሮናል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ነው፤ የማቀዝቀዝ አቅሙ 12,000 ቢቲዩ። መጋቢትና ሚያዝያን፣ ያን ሁሉ ሙቀት፣ አንድ ጠብታ ሳያሳይ አሳልፎልናል። ጣጣው የመጣው ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር ነው።

እናቴ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በሙቀት ጊዜ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም። ስለዚህ አጥፍቶ መተው አይሆንልኝም። ማታ ከተከፈተ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ደህና ይቆይና ከሥሩ በቀኝ በኩል ካለው ጥግ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ከጠፋም በኋላ ትንሽ ጊዜ ይቀጥላል። ግድግዳው ርሶ ቀለሙ ማበጥ ጀምሯል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ከዚያው ጥግ ሥር ሶኬት መኖሩ ነው።

አንድ ባለሙያ ጠርተን ነበር። ሽፋኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋዝ ጨርሷል» አለ፤ ሞላ፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ማታ ውኃው እንደነበረው ነው። ጋዝና ውኃ ምን ያገናኛቸዋል? ሌላ ሰው ከመጥራታችን በፊት እኛ ራሳችን ልናየው የምንችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ስለ ውኃው የሚያውቁት ይመልሱልሽ። እኔ ስለ ሶኬቱ ልናገር፤ እርሱ እስከ ነገ የሚያድር ጉዳይ አይደለም። አሁን ተነሺና የዚያን ሶኬት ብሬከር አጥፊው። ላዩ ደረቅ መስሎ ቢታይሽም ውኃ በልስኑ ውስጥ ወርዶ ከጀርባ በኩል ሳጥኑ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ባለሙያ ከፍቶ ደረቅ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም ምንም እንዳይሰካበት፤ የእናትሽ የአልጋ ራስ መብራትም ቢሆን በሌላ ሶኬት ይሁን።

ሌላው፣ ኤሲ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ሽፋኑን ለመክፈት ስታስቡ በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። በሪሞት የጠፋ ኤሲ ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ። ብሬከሩን ዝቅ አድርጋችሁ ነው መሰላል የምትወጡት።

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

ጋሼ የተናገሩት ይቅደም።

ኤሲ በመግጠምና በመጠገን ነው የምተዳደረው፤ «ጋዝ ጨርሷል» የሚለው ቃል ሙያችንን እያሰደበው መሆኑን ስመለከት ያመኛል። እህቴ፣ ጋዝ ነዳጅ አይደለም፤ በሥራ ብዛት አያልቅም። በታሸገ የመዳብ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣ ነገር ነው። ካነሰ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሞላ ሰው ገንዘብዎን አየር ላይ በትኖታል። የእርስዎ ኤሲ ደግሞ ከጽሑፍዎ እንደምረዳው ክፍሉን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ዓይናችንን ከጋዙ ላይ እናንሳና ውኃውን እንከተል።

ውኃው ከየት መጣ? ከክፍሉ አየር። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ላዩ እንደሚያልበው ሁሉ፣ ሞቃትና እርጥብ አየር በኤሲው ቀዝቃዛ ክንፎች (በመዳብ ቱቦው ላይ በተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ሳህኖች) መካከል ሲያልፍ የተሸከመውን እርጥበት እዚያው ይጥላል። ውኃው በክንፎቹ ተንሸራቶ ከሥራቸው ባለችው ጠባብ ገንዳ ይጠራቀምና በማፍሰሻ ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። በአብዛኛው የቤት ኤሲ ውስጥ ውኃውን የሚገፋ ፓምፕ የለም። የሚያወርደው የራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ዳገት ካገኘ ይቆማል።

ችግሩ ለምን ግንቦት ላይ እንደመጣ ልንገርዎ። በመጋቢት የክፍሉ ሙቀት 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን፣ ያ አየር ጤዛ መጣል የሚጀምረው ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ነው። የኤሲው ክንፎች ከዚያ ብዙም ስለማይርቁ የሚሠሩት ውኃ ጥቂት ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ሙቀቱ 26፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን ግን አየሩ ገና ወደ 18 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ማላብ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የእርስዎን የሚያህል ኤሲ በሰዓት 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ግማሹ የተዘጋ ቱቦ የመጋቢትን ጠብታ ይችለዋል፤ የግንቦትን ውኃ ግን አይችለውም። ችግሩ በመጋቢትም ነበረ፤ ያጋለጠው እርጥበቱ ነው።

እነዚህን አይተው ይንገሩኝ። ኤሲው እየሠራ ሳለ ወደ ውጭ የወጣው ቱቦ ጫፍ ላይ ውኃ ይወርዳል ወይስ ደረቅ ነው? የፊት መክደኛውን ከፍተው ማጣሪያዎቹን ሲያወጡ ከኋላ ያሉት ክንፎች ላይ በረዶ ይታያል? ኤሲው ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ሳለ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ግድግዳው ይረጥባል? የማፍሰሻ ቱቦው ከግድግዳው ከወጣ በኋላ የት ድረስ ይሄዳል?

የፔንሲዮን_ጥገና (ፍኖተ ሰላም)

ወንድሜ ሁሉን አሟልቶ ጠይቋል። እኔ የምጨምረው ማጣሪያውን ነው። በፔንሲዮን ነው የምሠራው፤ ክፍሎቻችን ወደ አውራ ጎዳናው ናቸው፤ አቧራው አይጣል ነው። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ክንፎቹ ላይ የሚያልፈው አየር ያንሳል፤ አየር ሲያንስ ክንፎቹ ከዜሮ በታች ይወርዱና ውኃው እዚያው በረዶ ይሆናል። እንግዳው ሲያጠፋው ወይም መብራት ሲሄድ በረዶው ባንድ ጊዜ ይቀልጣል። ትንሿ ገንዳ ያን ሁሉ ከየት ትችለዋለች? አልጋው ላይ ይዘረገፋል።

ስለዚህ እኛ በበጋ በየ15 ቀኑ ማጣሪያውን እያወጣን በለብታ ውኃና በትንሽ ሳሙና እናጥባለን፤ በጥላ እናደርቃለን። ፀሐይ ላይ ማስጣት ፍሬሙን ያጣምመዋል። እርጥቡን መመለስም አይገባም። ይህን ለማድረግ ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም፤ መክደኛውን በሁለት እጅ ወደ ላይ ማንሳት ነው።

ጋዝ_ሞይ (ዳንግላ)

ባለ_ውኃልክ የተናገረውን ባከብርም ጋዝን እንዲህ ከጨዋታ ውጭ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። ጋዝ ሲያንስም ክንፎቹ በረዶ ይሠራሉ። እኔ ራሴ ብዙ ቤት ጋዝ ሞልቼ ውኃው ቆሟል።

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

ትክክል ብለሃል፤ ጋዝ ሲያንስ ግፊቱ ይወርዳል፣ ክንፎቹም ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛሉ። እኔ የምከራከረው በማስረጃ ይሁን ነው። የጋዝ ማነስ ምልክት አለው። በረዶው በአብዛኛው ሁሉንም ክንፍ አይሸፍንም፤ ጋዙ በሚገባበት በኩል ያለው ክፍል ብቻ ይነጣል። ውጭ ያለውን የኤሲውን አካል ካየህ ቀጭኑ ቱቦ ላይ አመዳይ ይቀመጣል። ቤቱም በደንብ አይቀዘቅዝም። ቱቦዎቹ በነት የሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ ቅባት ካለ ጋዙ የወጣው ከዚያ ነው፤ የሳሙና አረፋ ብትቀባው ይነግርሃል።

ስትሞላም የጋዙን ዓይነትና መጠን ውጭ ካለው ክፍል ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ አንብብ። አር 22፣ አር 410ኤ እና አር 32 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አር 410ኤ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ ነው የሚወጣው። አር 32 ደግሞ እሳት የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ አጠገቡ ሲጋራም ችቦም አይፈቀድም። የጎደለውን በግምት ከመጨመር የቀረውን በማሽን ስቦ አውጥቶ፣ ቀዳዳውን ጠግኖ፣ ቱቦውን በቫኪዩም ፓምፕ አድርቆ፣ በሚዛን መሙላት ነው የሚያኮራ ሥራ።

እግረ መንገዴን ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ያነሰ በመሆኑ፣ ለዚያው ሙቀት የእኛ ጌጅ (የጋዙን ግፊት የምንለካበት) የጋዙን ሙቀትና ግፊት ከሚያዛምደው ሠንጠረዥ 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ከፍ አድርጎ ያነባል። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ሠንጠረዡን ይዞ «ይኸው በዝቷል፣ ይኸው አንሷል» የሚል ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ጋዝ_ሞይ (ዳንግላ)

የጌጁን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። በሚዛን በመሙላቱ እስማማለሁ፤ ሚዛኑ ነው እዚህ የማይገኘው።

ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)፣ ዓርብ ማታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሶኬቱን ብሬከር ትናንት ማታውኑ አጥፍተናል፤ ዛሬ አንድ ኤሌክትሪሻን ከፍቶ ሲያየው ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት ነበረ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። በረዶ የለም፤ በባትሪ መብራት አይቻለሁ። ማጣሪያው ትንሽ አቧራ ነበረው፤ ታጥቧል። ኤሲው ጠፍቶ ሳለ ትናንት ከሰዓት በኋላ ጥሩ ዝናብ ዘነበ፤ ግድግዳው አልባሰበትም።

ቱቦው ግን የሚያስገርም ነው። ከግድግዳው ከወጣ በኋላ በረንዳው ጥግ ለጥግ ሄዶ፣ መሐል ላይ ረግቦ እንደገና ከፍ ብሎ፣ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ይገባል። እናቴ ናቸው ያስቀመጡት፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ይህን ውኃ ለቤት ማጽጃና ለአትክልት ይጠቀሙበታል። ጀሪካኑ ሙሉ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የቱቦው ጫፍ እታች ድረስ ውኃው ውስጥ ጠልቋል። ኤሲው እየሠራ ጀሪካኑን ሳዳምጠው አልፎ አልፎ ቡልቅ ይላል እንጂ ውኃ የሚወርድ አይመስልም።

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

አገኘነው፤ ቢያንስ ግማሹን። እናትዎ ውኃውን ማጠራቀማቸው የተመሰገነ ነው፤ ጀሪካኑም አይነሣ። የሚስተካከለው አገባቡ ነው።

ቱቦው መሐል ላይ ሲረግብ እዚያ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ውኃ ይተኛል። ጫፉ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ሌላ መዝጊያ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው አየር መውጫ ያጣል። ከላይ የሚመጣው ጥቂት ውኃ ያንን አየር ገፍቶ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይሞላል፣ ከዚያ በጥጉ ይፈስሳል። አንድ ሰዓት ደህና ቆይቶ የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ ገንዳው እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል። ከጠፋም በኋላ የሚቀጥለው ለዚሁ ነው፤ ክንፎቹ ላይ የቀረው ውኃ መውረዱን አያቆምም።

ቱቦውን ከጀሪካኑ ያውጡት። ከግድግዳው እስከ ጫፉ ድረስ ሳይረግብ፣ ሳይታጠፍ፣ በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ይሂድ፤ በየክንዱ በሚስማር መያዣ ይታሰር። የጀሪካኑ አፍ ከቱቦው ጫፍ በታች ይሁን፤ ቱቦው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያንጠባጥብ እንጂ ውኃውን አይንካ። ቱቦው እስከ ዛሬ ውኃ ተኝቶበት ስለከረመ ውስጡ ዝልግልግ ነገር ሳይዝ አይቀርም፤ ያም መጽዳት አለበት።

የቤት_እመቤት (መራዊ)

እኛም ቤት ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ የእኛ ግን ጀሪካንም ምንም የለውም። የቱቦው ጫፍ ላይ ተርብ የመሰለ ነፍሳት በጭቃ ቤት ሠርቶ ደፍኖት ኖሯል። ልጄ በሽቦ ቆርቁሮ ሲያወጣው ውኃው ዘለል ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው የመስኮት ወንፊት አስረንበታል። ኤሲው ብዙ ወራት ጠፍቶ በሚከርምበት ቤት ይህን መጀመሪያ ማየት ይገባል።

ዝም_አይነቅዝም (ባሕር ዳር)

ቱቦውን ለማጽዳት በጣም ቀላሉ መንገድ ጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ተውሶ መንፋት ነው። ወይም በረኪናና ኮምጣጤ አንድ ላይ አድርጎ ገንዳው ውስጥ መጨመር፤ ዝልግልጉን ጠርጎ ነው የሚያወጣው።

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርጉ፤ በተለይ ሁለተኛውን። በረኪናና ኮምጣጤ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መርዝ ነው። አዛውንት የሚተኙበት ክፍል ውስጥ፣ አየር በሚነፋ ማሽን ላይ ይህን ማድረግ አደገኛ ነው። በረኪና ብቻውንም ቢሆን የአሉሚኒየም ክንፎቹን ይበላል። ይህን ያነበበ ሁሉ ያስታውሰው።

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ደግሞ ጎማ ለመንፋት የተሠራ ነው። ኤሲው ውስጥ ቱቦው ከገንዳው ጋር የተያያዘው ተሰክቶ ብቻ ነው። በዚያ ግፊት ከተነፋ መጋጠሚያው ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ይወርዳል፤ ችግሩም ከዓይን ይሰወራል።

ትክክለኛው ከውጭ በኩል መሳብ ነው። ውኃ የሚስብ ቫኪዩም ክሊነር ያለው ሰው ካለ፣ አፉን ቱቦው ጫፍ ላይ በጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሳብ። ከሌለ የብስክሌት ፓምፕ ወይም በአፍ እፍ ማለት ይበቃል። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ለብ ያለ ውኃ በጆግ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ። የፈላ አይሁን፤ ፕላስቲኩን ያጣምማል። ያፈሰሱት ውኃ ሳይዘገይ በውጭ በኩል ከወጣ መንገዱ ተከፍቷል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ብሬከሩ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ጆጉንም በቀኝ በኩል ካለው የኤሌክትሪክ ካርድ አርቁት።

መድኃኒት_ቤት (ቻግኒ)

ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ልበል። ቻግኒ ሞቃት ናት፤ ብዙ መድኃኒቶች ላይ «ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ወይም «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ተብሎ ስለሚጻፍ ያለ ኤሲ መሥራት አይቻልም። ኤሲው መደርደሪያ አናት ላይ ከተሰቀለ አንድ ሌሊት የሚንጠባጠብ ውኃ በካርቶን ያለውን ሁሉ ያበላሻል። ሲገጠም «ይህ ማሽን አንድ ቀን ያፈስሳል» ብሎ አስቦ፣ ከሥሩ መደርደሪያም፣ አልጋም፣ ሶኬትም እንዳይኖር ማድረግ ነው የሚበጀው።

ጥያቄ አለኝ። የእኔ ማፍሰሻው ደህና ነው፤ ውኃው ግን ከማሽኑ ሳይሆን ቱቦዎቹ ጣሪያ ሥር በሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ምን ሊሆን ይችላል?

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

የመዳብ ቱቦዎቹ ልባስ ተቀድዷል። ጥቁሩ ስፖንጅ ማለቴ ነው። በተለይ ወፍራሙ ቱቦ በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ጣት የምታህል ቦታ እንኳ ከተራቆተች እርጥበት እየሳበች ታልባለች። ልባሱ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ክፍተት ካለም እንደዚያው ነው። በፕላስተር ጠበቅ አድርጎ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ስፖንጁ ከተጨፈለቀ መከላከል አይችልም። የተቀደደውን ቆርጦ በአዲስ መተካት፣ መገጣጠሚያውን በማጣበቂያ መድፈን፣ ከላይ ላላ አድርጎ መጠቅለል ነው። ሁለቱ ቱቦዎች በየራሳቸው ይለበጡ፤ አብረው በአንድ ስፖንጅ አይታሰሩ።

ማርቆሴው (ደብረ ማርቆስ)

እዚህ ደጋ ላይ ለኤሲ ቅዝቃዜ ማን ይጸልያል፤ እኛ ለማሞቂያነት ነው የገጠምነው። ማታ ማታ ስናሞቅ ከውስጥ ምንም የለም፤ ውጭ ካለው ክፍል ሥር ግን ውኃ ይፈስሳል፤ አንዳንዴም እንደ ጭስ ያለ ነገር ይወጣል። ተበላሽቶ ይሆን?

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

አልተበላሸም፤ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ሲያሞቅ ሥራው ይገለበጣል፤ ቀዝቃዛው ክፍል ውጭ ያለው ይሆናል፤ ስለዚህ ውኃውን የሚሠራው እርሱ ነው። ብርዱ ሲበረታ ክንፎቹ ላይ አመዳይ ይቀመጥበታል፤ ማሽኑ በየጊዜው ራሱን አሙቆ ያቀልጠዋል። ጭስ የመሰለዎት እንፋሎት ነው። ውኃው የጎረቤት ደረጃ ላይ እንዳይወርድ ብቻ ይጠንቀቁ።

ሹፌር (ቡሬ)

ይህን የኤሲ ውኃ ለመኪና ባትሪ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ንጹሕ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

ሲመለከቱት ንጹሕ ይመስላል፤ ከአየር የወጣ በመሆኑም ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በመዳብና በአሉሚኒየም ላይ ተንከባልሎ፣ አቧራ አጥቦ፣ ዝልግልግ ባለበት ገንዳ አልፎ ነው የሚመጣው። ለባትሪ የሚገባው የተጣራው ውኃ ነው፤ ጥቂት ብረት እንኳ ባትሪውን ይጎዳዋል። መጠጥ ላይማ ፈጽሞ። ለወለል ማጽጃ፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለአበባ ግን ደህና ነው።

ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)፣ እሑድ ከሰዓት

ቱቦውን አስተካክለናል። ስንስበው የወጣው ነገር ጥቁር ቡናማ፣ እንደ እንጉዳይ የሚሸት ዝልግልግ ነበር። ጆግ ውኃ ስናፈስበት ወዲያው ወጣ። ትናንት ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ጠብታ አልነበረም፤ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን በዚያው በቀኝ ጥግ በጣም ጥቂት፣ በየደቂቃው አንድ ጠብታ የምትሆን፣ እንደገና መጣ። ውጭ በኩል ውኃው በደንብ እየወረደ ነው። ምን ቀረን?

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

ማፍሰሻው በየትኛው በኩል ነው የሚወጣው፣ በግራ ወይስ በቀኝ? አንድ ውኃ ልክ ፈልጉና ከኤሲው አናት ላይ አስቀምጡት። በውኃ ልኩ መስታወት ውስጥ ያለችው አረፋ ወዴት እንደሄደች ንገሩኝ። ማሽኑን በሁለት እጅ ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉት፤ ይወዛወዛል?

ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)፣ እሑድ ማታ

ማፍሰሻው በግራ ነው የሚወጣው። አረፋዋ ወደ ግራ ሄዳ ተጠግታለች። በቀኝ በኩል ነካ ሲያደርጉት ላላ ይላል።

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

አረፋ የምትሄደው ወደ ከፍታው ነው። ስለዚህ ማሽኑ በግራ ከፍ፣ በቀኝ ዝቅ ብሏል። ውኃው መውጫው ባለበት በግራ በኩል መሄድ ሲገባው በቀኝ ጥግ እየተጠራቀመ ነው። ከቀኝ የሚንጠባጠበውም ለዚያ ነው።

የእናንተ ግድግዳ ብሎኬት ነው ብዬ እገምታለሁ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ማሽኑን የተሸከመው የብረት ሳህን በፊሸርና በብሎን ነው የሚታሰረው፤ ፊሸሩ ክፍት ቦታ ላይ ከገባ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም፤ ከጊዜ በኋላ በማሽኑ ክብደት እየወረደ ይሄዳል። ግድግዳው ሲረጥብ ደግሞ ልስኑ ይላላል፤ መውረዱ ይፈጥናል።

ይህ ግን የእናንተ ሥራ አይደለም። የጋዝ ቱቦዎቹ ከማሽኑ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሲያነሱት ከታጠፉ ይሰበራሉ፤ ያን ጊዜ በእርግጥም ጋዝ ያልቃል። ባለሙያ ይምጣ፤ ግን ምን እንደሚሠራ እናንተ ንገሩት። ሳህኑን ፈትቶ ለብሎኬት በሚሆን ረጅም ፊሸር፣ ጠንካራ ቦታ ፈልጎ እንደገና ይሰር። መውጫው ባለበት በግራ በኩል በጣም ጥቂት፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ለዓይን ያስቀይማል። ግድግዳውን የበሳበት ቀዳዳም ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይይ፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ የቱቦው ውኃም ዝናቡም ወደ እናንተ ይመጣል። በመጨረሻም በቀኝ በኩል ያለው የገንዳው ትርፍ መውጫ በጎማ ውታፍ መዘጋቱን ያረጋግጥ፤ ብዙ ጊዜ ይላላል።

ከመሄዱ በፊት ፊታችሁ ሁለት ሊትር ውኃ ገንዳው ውስጥ ያፍስስ። ሁሉም በውጭ ካልወጣ ገንዘብ አትክፈሉ።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን (ደብረ ማርቆስ)

ይህን ልጅ ብሩክ ሁን በሉልኝ። እኔም አንድ ልጨምር፦ ሰውዬው ግድግዳውን በድሪል ሊበሳ ነውና የኤሌክትሪክ መስመሩ በየት በኩል እንደተቀበረ ይጠይቅ። ሶኬቱ ከሥሩ ስላለ ሽቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ዋናው ብሬከር ይጥፋና የባትሪ ድሪል ይጠቀም።

ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)፣ ረቡዕ

ሌላ ባለሙያ አምጥተን ያላችሁትን ሁሉ ነገርነው። ሳህኑን ሲያወርደው በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ብሎኖች በእጅ ተጎትተው ወጡ፤ ፊሸሩ ውስጥ የገባው የብሎኬት ዱቄት ብቻ ነበር። ጎን ለጎን ጠንካራ ቦታ ፈልጎ አሰረው። የግድግዳው ቀዳዳ ደህና ነው፤ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ውታፉን አጥብቆ መለሰው። ሁለት ሊትሩን በእናቴ ፊት አፈሰሰ፤ እናቴ በረንዳ ላይ ጀሪካኑ አጠገብ ቆመው እየጮኹ «መጣ፣ መጣ» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፤ ግድግዳው ደረቅ ነው።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። የተበላሸውን ቀለም አሁን ልቀባው? ጀሪካኑስ ቢሞላና ማንም ባያየው እንደገና ችግር ይመጣል?

ባለ_ውኃልክ (ባሕር ዳር)

ቀለሙን አይቸኩሉበት። ያበጠውን በመፋቂያ ፍቀው ልስኑ አየር እንዲያገኝ ክፍት ይተዉት። ውስጡ ያለው እርጥበት ሳይወጣ ከቀቡት በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደገና ያብጣል። አሁን ክረምቱ እየገባ ነው፤ እኔ ብሆን እስከ መስከረም መጨረሻ እታገሣለሁ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ከወጣበት በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በውኃ አይጠቡት።

ጀሪካኑን በተመለከተ፣ የቱቦው ጫፍ ከአፉ በላይ ስላለ ሲሞላ ትርፉ በረንዳው ላይ ይፈስሳል እንጂ ወደ ቤት አይመለስም። የበረንዳው ወለል ወደ ውጭ ማዘንበሉን ብቻ ይዩ። እናትዎ ሁለተኛ ጀሪካን ያዘጋጁ፤ በሰኔና በሐምሌ አንዱ አይበቃቸውም።